ሳነቴ ላይ ቅድሚያ የማን ነው?

ከዴንቨር ተነስቼ ሦስት የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮችን፣ ሮኪ ማውንቴንን፣ ግራንድ ቲተንንና የሎስቶንን ብቻዬን እየነዳሁ ዞሬ ተመለስኩ። እናቴ በየቀኑ ስትደውል «ምነው ልጄ፣ ሰው ጠፋ? አውሬ መሀል ብቻህን ምን ትሠራለህ?» ትለኝ ነበር። በሰላም ገብቻለሁ። አንድ ንዴት ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ እሱን ልንገራችሁ።

ሮኪ ማውንቴን ውስጥ ትሬይል ሪጅ የሚባል መንገድ አለ። ከፍተኛው ቦታው 3,713 ሜትር ነው። ሰዉ ጫፉ ላይ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ ፎቶ ይነሳል፣ «አየር አጠረኝ» ይላል። እኔ እዚያ ቆሜ የታየኝ ባሌ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው የሳነቴ መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው የሚሄደው። ብርዱ፣ ድንጋዩ፣ አጭሩ ሣር፣ ሁሉም ያው ነው። የጎደለው ጅብራው ብቻ ነው።

የሎስቶን ስደርስ ደግሞ መንገድ ተዘጋ። ባይሰን የሚሉት የአሜሪካ ጎሽ መንጋው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ወጥቷል። ሞተሬን አጥፍቼ ጠበቅኩ። አንዱ ኮርማ መስኮቴን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አለፈ። የክረምቱ ጸጉር ከጎኑ ተላቆ ተንጠልጥሏል። ትንፋሹ ይሰማኛል። ከፊቴም ከኋላዬም የመኪና ሰልፍ ነው፤ ሥራ የሚገባም፣ ሕፃን የሚያለቅስበትም ይኖራል። አንድም ሰው ክላክስ አልነካም። አንድም ሰው!

እኔ ሳነቴን ያየሁት ባለፈው አገር ቤት ስገባ ነው፣ በኮንትራት መኪና። ቀይ ቀበሮዋ መንገዱ ዳር ነበረች። ጆሮዋን ቀስራ፣ ሆዷን መሬት አስነክታ፣ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጣለች። ሾፌራችን ክላክሱን ለቀቀው። ደንግጣ ተፈተለከች፤ አደኗም ቀረ። «ምነው?» ስለው «መንገድ ውስጥ ገብታ እንዳልገጫት ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። ፍጥነቱን ግን አልቀነሰም። ከኋላችን የመጣው አይሱዙ ደግሞ አቧራውን አልብሶን ሽው አለ።

ይቺ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። ጠቅላላ ቁጥሯ 500 አይሞላም፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። በዚያው መንገድ መኪና ገጭቶ የገደላቸው አሉ። ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታማ ስንት ጊዜ ነው የፈጃቸው። በፈረስ መንደር ለመንደር እየዞሩ ውሻ የሚከትቡት ልጆች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ምን እንደሚተርፈን እንጃ።

አሜሪካኖች ከጥንት ጀምሮ አውሬ አፍቃሪ ነበሩ እያልኩ አይደለም። የሎስቶን ፓርክ የሆነው በ1872 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1902 እዚያ የቀረው የዱር ጎሽ ሁለት ደርዘን ያህል ብቻ ነበር። ተኩላዎቹንም በ1926 ጨረሷቸው፤ ያውም የፓርኩ ጠባቂዎች ናቸው የገደሏቸው። ከዚያ ወደ 70 ዓመት ገደማ ተኩላ አልነበረም። በ1995 እና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላ አምጥተው ለቀቁ። ዛሬ ላማር ሸለቆ ላይ ሰው ገና ጎህ ሳይቀድ ቴሌስኮፕ ተክሎ የሚጠብቀው የእነሱን ዘር ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እነሱ አጠፉና ጎረቤት ሄደው አመጡ። የእኛዋ ካለቀች ከየት ነው የምናመጣው? ከኬንያ? ከሱዳን? የትም የለችማ!

የደሎ መና ሰው መንገዱን ለሽርሽር እንደማይፈልገው አውቃለሁ። ታማሚውን ጎባ ሆስፒታል የሚያደርሰው በዚያ ነው፤ ቡናውም የሚወጣው በዚያ ነው። መንገዱ ይዘጋ የሚል ቢመጣ ቀድሜ የምቃወመው እኔ ነኝ። የሎስቶንም መንገዱን አልዘጋም። ፍጥነቱን ወሰነ፣ ሲጥሱ ቀጣ፣ በቃ። እኛስ? መውጫና መግቢያው ላይ ኬላ ተደርጎ ሰዓት ቢመዘገብ፣ ቀድሞ የደረሰ ቢቀጣ ምን ይከብዳል? ለዚህ እኮ ብዕርና ደብተር ይበቃል።

ግራንድ ቲተን ካምፕ ስገባ ሬንጀሯ (የፓርኩ ጠባቂ) በየድንኳኑ ቦታ የተተከለውን የብረት ሣጥን አሳየችኝ። የሚሸት ነገር ሁሉ እዚያ ይቆለፋል። ቆሎዬን፣ ዳቦ ቆሎዬን፣ ሽሮዬን፣ የጥርስ ሳሙናዬን ሳይቀር ከተትኩ። ድብ አንዴ የሰው ምግብ ከለመደ ሰው መድፈር ይጀምራል፤ መጨረሻው በጥይት መሞት ነው። አንድ ሣጥን ድብንም ሰውንም ያተርፋል። በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው የቀናሁት፣ በሀብታቸው አይደለም።

ለገና አገር ቤት የምትገቡ፣ ባሌን ካሰባችሁ፣ ከሾፌሩ ጋር ስለ ዋጋ ስትነጋገሩ ይሄንንም ተነጋገሩ፦ ሳነቴ ላይ በ40 ነው የምንሄደው፣ ክላክስም የለም። «ይመሽብናል» ካለ በጠዋት ውጡ።