ደረሳውን ከጦሃራ ባብ ላይ አትንጠቁት

የደሴና የኮምቦልቻ ጀመዓ ሆይ፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ እንጂ ለሸይኾቹ አይደለም። ሸይኾቹ ኪታባቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ የጠፋው እስከ መጨረሻው የሚቀራባቸው ደረሳ፣ የዲን ተማሪ ነው።

አባት ሲሞት፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ወንድምና እህት በቤት ሲካሰሱ «ዓሊም ፈልጉልን» ትላላችሁ። ከዓረብ ገንዳ ሸዋ በር፣ ከሸዋ በር ኮምቦልቻ ትመላለሳላችሁ። ሚራስ (ውርስ) አጣርቶ የሚያካፍል ሰው ስታጡ ደግሞ «ዓሊሞቹ አለቁ» ብላችሁ ከንፈር ትመጥጣላችሁ። ማን ጨረሳቸው?

የፊቅህ (የሸሪዓ ሕግ) ቂርኣት፣ ማለትም ትምህርት፣ መንገዱ ዱሮም የታወቀ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ (የፊቅህ መንገድ) የሚቀራ ደረሳ በሰፊነቱ ነጃህ ወይም በአቡ ሹጃዕ ይጀምራል፣ ዑምዳን ይጨምራል፣ ከዚያ ሚንሃጅ ይገባል። ሐነፊ የሚቀራው ቁዱሪን ጨርሶ ወደ ከንዝ ይሻገራል። ጎን ለጎን ነህው (የዓረብኛ ሰዋስው) አለ፤ አጅሩሚያ፣ ቀጥሩ ነዳ፣ ከዚያም ሺህ ቤት ያለው የኢብኑ ማሊክ አልፊያ። ነህውን የዘለለ ሰው ሐረካ (የአናባቢ ምልክት) በሌለው ኪታብ ላይ ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ ይምታታበታል። በሽያጭና በብድር ባብ (ምዕራፍ) ላይ ይህ ስህተት የሰው ገንዘብ ነው።

ደረሳው ማታ ሙጣለዓ ያደርጋል፤ የነገውን ክፍል ብቻውን አንብቦ የከበደውን ይለያል። ጠዋት ሸይኹ ፊት ጮክ ብሎ ያነባል፤ በፈትሓ («አ») የሚነበበውን በዶማ («ኡ») ካነበበ እዚያው ያስቆሙታል። መትኑን (ዋናውን ጽሑፍ) በአማርኛ ይፈቱለታል፣ ከሸርሑም (ከማብራሪያው) ይጨምሩለታል። ከዚያ ደረሶቹ እርስ በርስ ይደጋገሙታል። ሚንሃጅ ላይ ሲደረስማ ያለ ሸይኽ አይሞከርም። በ676 ሂጅራ የሞቱት ኢማም ነወዊ በዚያ ኪታብ «አዝሀር» ወይም «መሽሁር» ሲሉ የኢማሙ ሻፊዒን የራሳቸውን ቃሎች እያበላለጡ ነው፤ «አሶሕ» ወይም «ሶሒሕ» ሲሉ የተከታዮቻቸውን። «አዝሀር» ካሉ የተተወውም ሐሳብ ጉልበት አለው፤ «መሽሁር» ካሉ የተተወው ደካማ ነው። ይህን ማንም ያልነገረው አንባቢ የተተወውን ቃል ከሚሠራበት ጋር ቀላቅሎ ፈትዋ ይሰጣችኋል፤ እናንተም ታመሰግኑታላችሁ።

አሁን ወደ ጥፋታችሁ እንምጣ። የሻፊዒ ኪታቦች በአራት ሩብ የተደለደሉ ናቸው። መጀመሪያ ከጦሃራ (ከንጽህና) እስከ ሐጅ ያለው ዒባዳ (አምልኮ) ነው። ቀጥሎ ሽያጭ፣ መያዣ፣ ሽርክና፣ ኪራይ ይመጣል። ፈራኢድ (የውርስ ድርሻ) እና ወሲያ (ኑዛዜ) ከዚያ ወዲህ ነው፤ ኒካሕና ጦላቅ (ጋብቻና ፍቺ) ይከተሉታል፤ ወንጀል፣ ዳኝነትና ምስክርነት መጨረሻ ናቸው። ልጃችሁ ጦሃራን ጨርሶ ሶላት ባብ ሲገባ አጨዳ ደረሰ ብላችሁ ትጠሩታላችሁ፣ ወይ ሱቅ ታስጠብቁታላችሁ፣ ወይ ወደ ዓረብ አገር ታሻግሩታላችሁ። ሲመለስ ሐልቃው (ሸይኹ ዙሪያ ተቀምጦ የሚቀራው ክበብ) አልፎታል። ሌላ ሸይኽ ዘንድ ይሄዳል፤ እዚያም የሚጀመረው ከጦሃራ ነው። እንዲህ እየተባለ በጦሃራ ባብ ያሉትን የውኃ ዓይነቶች አራት ጊዜ የቀራ፣ የውርስን ድርሻ አንድ ጊዜ እንኳ ያልቀራ ሰው ሞልቷል። ጥምጣሙን አይታችሁ «ሸይኽ» ትሉታላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ «አላውቅም» ማለት ያሳፍረዋል።

ጉዳቱን በብር እዩት። አንድ ሰው ሚስት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች፣ እናትና አባት ትቶ ሞተ እንበል። በቁርኣን ሱረቱ ኒሳእ 11ኛና 12ኛ አንቀጽ መሠረት የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ፣ የሴቶቹ ሁለት ሦስተኛ፣ የእናትና የአባት አንድ አንድ ስድስተኛ ነው። ንብረቱ 24 እጅ ሲደረግ ሚስት 3፣ ሴቶቹ 16፣ እናት 4፣ አባት 4 ይሆናል። ድምሩ ግን 27 መጣ፤ ድርሻው ከንብረቱ በለጠ። ይህ ዐውል ነው። መፍትሔው ንብረቱን ለ24 ሳይሆን ለ27 መክፈል ነው፤ ጉድለቱ ለሁሉም በየድርሻው መጠን ይደርሳል። መስአላዋ ሚንበሪያ ትባላለች፤ ሰይዲና ዓሊ ሚንበር (የመስጂድ መድረክ) ላይ ሳሉ ተጠይቀው እዚያው መለሷት ይባላልና።

ንብረቱ 2,700,000 ብር ከሆነ ሚስት 300,000፣ እናትና አባት 400,000 400,000፣ ሴቶቹ 800,000 800,000 ያገኛሉ። ዐውል ባብ ያልደረሰው አካፋይ ግን ከሚስት ይጀምርና 337,500 ይቆርጥላታል። ለእናትና ለአባት 450,000 450,000 ይሰጣል። የተረፈውን 1,462,500 ሴቶቹ ይካፈላሉ። እያንዳንዷ ልጅ 68,750 ብር ተበላች። ሌባ የለም፤ ሁሉም «በሸሪዓ ተካፈልን» ብሎ፣ ዱዓ አድርጎ ተነሣ።

ከማካፈሉ በፊት ያለውንማ የምታበላሹት እናንተው ናችሁ። ከንብረቱ በመጀመሪያ የከፈንና የቀብር ወጪ ይነሣል፤ ቀጥሎ ዕዳ ይከፈላል። ያልተከፈለ መህርም (ለሚስት የሚሰጠው ጥሎሽ) ዕዳ ነው፣ ያልወጣ ዘካም ዕዳ ነው። ከዚያ ወሲያ ከቀሪው እስከ ሲሶ ድረስ ይፈጸማል፤ ለወራሽ የተደረገ ወሲያ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አያልፍም። እናንተ ግን ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ከሟች ገንዘብ በሬ ገዝታችሁ የሦስት ቀን፣ የአርባ ቀን ሰደቃ ታበላላችሁ። ከወራሾቹ መካከል ያልደረሰ ልጅ ካለ የበላችሁት የየቲም፣ የአባት አልባ ልጅ ገንዘብ ነው፤ ሞግዚቱ እንኳ መፍቀድ አይችልም። ሰደቃ ማውጣት የሚሻ ከራሱ ኪስ ያውጣ።

አባቱ ከአያቱ በፊት የሞተበት የልጅ ልጅም አለ። አጎቱ በሕይወት ካለ በሚራስ ድርሻ የለውም፤ «በአባቱ ቦታ ይገባል» የሚባለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንጂ የፊቅህ አይደለም። አያቱ በሕይወት ሳለ ነበር መታሰብ ያለበት። የልጅ ልጁ ወራሽ ስላልሆነ እስከ ሲሶ ድረስ ወሲያ ሊያደርግለት ይችላል። ይህን የሚነግር ሰው አጠገቡ ስላልነበረ ብቻ ባዶ እጁን የሚቀር የቲም አለ።

«እናታችን እስካለች ቤቱ ይቆይ» ማለትም ለምዶባችኋል። ደግነት ነው፤ ግን ድርሻው ሳይጻፍ ሲቆይ ከወራሾቹ አንዱ ይሞትና የእሱ ድርሻ ለእሱ ወራሾች ይተላለፋል፤ ሌላው ይሞታል፣ እንደዚያው ይደረባል። ሙናሰኻ የሚባለው ይህ ነው፤ የፈራኢድ ከባዱ ስሌት። ቤቱ ይቆይ፤ ድርሻው ግን ሰው በሞተ ሰሞን ተሰልቶ፣ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት ይቀመጥ። ጭቅጭቅ ከተነሣ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት ተከራካሪዎቹ ሁሉ መፍቀድ አለባቸው። አንዱ እምቢ ካለ በዚያ በር አይገባም።

ጦላቅን ከቲክቶክ የምትጠይቁ ደግሞ አላችሁ። ዓሊም የሆነ ሰው ከመመለሱ በፊት ይጠይቃችኋል፦ ቃሉ ምን ነበር? ስንተኛው ነው? ሐይድ (የወር አበባ) ላይ ነበረች ወይስ ጡህር (ከእሱ የጸዳችበት ጊዜ) ላይ? እርጉዝ ናት? «ፈትቼሻለሁ» ካለ ግልጽ ነው፣ ኒያው (ሐሳቡ) አይጠየቅም። «ወደ ቤተሰብሽ ሂጂ» ካለ ኪናያ (ስውር አነጋገር) ነው፣ ኒያው ይጠየቃል። ዒዳዋም (ሌላ ከማግባቷ በፊት የምትጠብቀው ጊዜ) እንደ መዝሀቡ ነው። ጡህር ላይ የተፈታች ሴት በሻፊዒ ሦስተኛው ሐይድ ሲጀምር ዒዳዋ ያልቃል፤ በሐነፊ ሦስተኛው ሐይድ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። በዚያ መካከል ባሏ «መልሻታለሁ» ቢል በአንዱ ሚስቱ ናት፣ በሌላው አይደለችም። ወሎ ሁለቱም መዝሀብ የሚቀራበት አገር ነው፤ የትኛውን እንደያዛችሁ ሳይጠይቅ በግማሽ ደቂቃ የሚመልስላችሁ ሰው ቤታችሁን እየበወዘ ነው።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ብትሆኑ፣ ኢማም ስትመርጡ ድምፁን ሰምታችሁ ትጨርሳላችሁ። ሚንሃጅ እኮ ለኢማምነት ፊቅህ የሚያውቀውን ከቁርኣን ንባብ አዋቂው ያስቀድማል። ለምትቀጥሩት ሰው የሚጠየቀው ግልጽ ነው፦ የትኛውን ኪታብ ቀራህ? እማን ዘንድ? እስከ የትኛው ባብ? ኢጃዛ (የሸይኹ የምስክር ፈቃድ) ያለው ያሳያል። የሌለውም ሸይኹን ይጠራል፤ ሸይኹ ይጠየቃሉ። በዚህ የሚቆጣ ካለ ሌላ ፈልጉ።

የገንዘቡ ነገር ሰበብ አይሁናችሁ። ሥራ መሥራት የሚችል ሰው ዘካ አይወስድም፤ ሸሪዓን ለመቅራት ተሰልፎ፣ ሥራ ከያዘ ቂርኣቱ የሚቋረጥበት፣ ትምህርት የመቀበል ችሎታም ያለው ደረሳ ግን ይወስዳል። ለነፍል (ግዴታ ላልሆነ) ዒባዳ ብቻ ብሎ ሥራ ለተወ ሰው ይህ አልተፈቀደም፤ ነወዊ ሁለቱን ለይተዋቸዋል። ስለዚህ ነጋዴው ከ100 ብር የሚያወጣው 2 ብር ከ50 ደረሳውን መድረስ ይችላል። ለአንድ ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ለጫትና ለቡና የምታወጡትንማ ባንቆጥረው ይሻላል።

ልጃችሁን ለአጨዳ መጥራት ግድ ከሆነባችሁ ሸይኹን አስፈቅዱ። የቆመበት ባብ ይጻፍ፤ ሲመለስ እዚያው ሸይኽ ዘንድ፣ ከዚያው ባብ ይቀጥል። ፈራኢድን ጨርሶ ዐውልንና ሙናሰኻን ሸይኹ ፊት ያለማንም እርዳታ አስልቶ እስኪያሳይ ድረስ ሱቅም አታስጠብቁት፣ ፓስፖርትም አታውጡለት።