ብብትና ፔናሊቲ

ኳስ ማየት እንደ ድሮው አልጥም ካለኝ ቆየ፤ ጥፋቱ የኳሱ ሳይሆን ዲኤስቲቪ ቤት ከኋላዬ የሚቀመጠው ሰውዬ ነው። ኳሷ ገና የተከላካዩ ደረት ጋ ሳትደርስ "እጅ! ኧረ እጅ ነው ዳኛ!" ብሎ ጆሮዬን ያደነቁረዋል። እሱስ ይሁን። በቪዲዮ የሚያየው ዳኛ፣ ቫር፣ እስኪያጣራ ድረስ ህጉን ያስተምረናል፣ "እጁ ተፈጥሯዊ ቦታው ላይ አልነበረማ።" ትንሽ ቆይቶ የራሱ ቡድን ተከላካይ እጁን ዘርግቶ ሲነካ ደግሞ "ታዲያ የት ያድርገው፣ ቆርጦ ይጣለው?"

ግን ሰውዬው ከአለቆቹ ነው የተማረው። አይፋብ የሚባሉት የኳስ ህግ አውጪዎች በ2019 የአጥቂ እጅ በስህተትም ነክቶት ጎል ከመጣ ይሰረዛል አሉ፣ በ2020 እጅ የሚጀምረው ከብብት ታች ነው ብለው ለገላችን ድንበር አበጁለት፣ በ2021 ደግሞ የለም የለም፣ የሚሰረዘው ራሱ የነካው ካገባ ነው፣ ጓደኛው ካገባማ በስህተት የነካው አይቆጠርም አሉ። ይሄን ሁሉ ዳኛው በአንድ ፊሽካ ይተንፍሰው።

የአውሮፓ ዋንጫን፣ ዩሮ 2024ን፣ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ጁን 29 ዶርትሙንድ ላይ ጀርመን ከዴንማርክ ስትጫወት ኳሷ የዴንማርኩን ተከላካይ አንደርሰን ጣት ዳበስ አድርጋ አለፈች፣ ኳሷ ውስጥ ያለው ቺፕ ስክሪኑ ላይ እንደ ልብ ምርመራ መስመር ዘለለ፣ ፔናሊቲ! የጀርመኑ ሀቨርትዝ አገባ። ጁላይ 5 ሽቱትጋርት ላይ ያችው ጀርመን ከስፔን ስትጫወት የጀርመኑ ሙሲያላ ወደ ጎል የመታት ኳስ የስፔኑ ኩኩሬላ እጅ ላይ ጧ! ዳኛው አንቶኒ ቴይለር ቀጥሉ አለ። ስፔን በጭማሪ ሰዓት አሸንፋ ሄዳ ዋንጫውን በላች። ሴፕቴምበር ላይ የአውሮፓ ኳስ አለቃ ዩኤፋ ብቅ ብሎ ያ የኩኩሬላው እኮ ፔናሊቲ መሰጠት ነበረበት አለ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ይሄን ተረት ስወደው። ስብሰባ ላይ አንገቱን ደፍቶ ውሎ ኮሪደር ላይ የሚጀግን የመስሪያ ቤት ሰው፣ ሰርጉ ላይ ስትጨፍር አምሽታ በማግስቱ "እኔስ ድሮም ልጁ አላማረኝም" የምትል አክስት፣ ሁሉም እዚህ ተረት ውስጥ ይገባሉ። አክስቲቱ እንኳን ትሻላለች፣ ቢያንስ አንድ ቀን ነው የቆየችው።

ለጀርመን ግን አላለቅስም፣ የእኔ ቂም የጋና ነው። 2010 የዓለም ዋንጫ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሩብ ፍፃሜ፣ ጋና ከኡራጓይ፣ አንድ ለአንድ፣ የጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ትንፋሽ ነው የቀረው፣ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ፍፃሜ ልትገባ ነው። የኡራጓዩ አጥቂ ሱዋሬዝ የጎል መስመር ላይ ቆሞ የምትገባዋን ኳስ በሁለት እጁ መለሳት። ቀይ ካርድ፣ ፔናሊቲ፣ የጋናው አሳሞአ ጂያን አግዳሚውን መታው፣ ሱዋሬዝ መውጫው ጋ ሆኖ ጨፈረ፣ በመለያ ምት ኡራጓይ 4 ለ 2 አለፈች። በጣም የሚያበሽቀኝ ምን መሰላችሁ፣ ዳኛው ምንም አላጠፋም! የሚከራከሩበት የለ፣ የሚተረጎም የለ፣ ህጉ ሳይሸራረፍ ተፈፀመ፣ ጋናም በህግ አግባብ ተዘረፈች። እንዲህ አይነቷን ኳስ ጎል ናት ብሎ መፃፍ አንድ መስመር አይፈጅም ነበር፤ እነሱ ግን ብብት እየለኩ ነው።