ጣና ላይ ገመዱ ከመፈታቱ በፊት

የካቲት 16 ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ሲደርስ፣ በባሕር ዳር የጀልባ ማረፊያዎች ላይ የሚፈጠረው ግፊያ ያሳስበኛል። ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሻገረው ምዕመን ብዙ ነው፤ ሁሉም ማልዶ መድረስ ይፈልጋል። ጀልባው ከሞላ በኋላም «አንድ ሰው ብቻ» ይባላል። የገባው ሰው ደግሞ እህቱን ይጠራል። ነጂው እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ተሳፋሪውም «በዓል አይደል፣ እመቤታችን ታሻግረናለች» እያለ ይጠጋጋል። እምነቱን አከብራለሁ፤ እኔም ተሳላሚ ነኝ። ነገር ግን ጀልባ የሚችለው ክብደት በበዓል ቀን አይጨምርም።

ከመጠን በላይ መጫን የሚያስከትለውን በጎረቤቶቻችን ሐይቅ አይተናል። መስከረም 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ኤምቪ ኒዬሬሬ የተባለችው የታንዛኒያ የመንገደኞች መርከብ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተገልብጣ ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። እንድትጭን የተፈቀደላት 101 ሰው ነበር። የተገለበጠችው ኡካራ ደሴት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ተሳፋሪው ለመውረድ ወደ አንድ ጎን ሲሰበሰብ ነው። ሁለት ወር አለፍ እንዳለ በዚያው ሐይቅ በኡጋንዳ በኩል አንዲት የመዝናኛ ጀልባ ሰጥማ ከ30 በላይ ሰዎች አለቁ፤ እሷም ከልክ በላይ ጭና ነበር።

ወደ አንድ ጎን መሰብሰብ ጣና ላይ የዘወትር ነገር ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አካባቢ ጎብኚ ሲሄድ አንዱ «ጉማሬ!» ብሎ ይጮኻል። ሁሉም ስልኩን ይዞ ይነሣል፣ ጀልባው ያዘነብላል። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ ዝቅ ብሎ ጀልባውን ያረጋጋዋል፤ ሲቆም ግን ትንሽ ማዕበል እንኳን ሚዛኑን ያሳጣዋል። አስጎብኚው ከመነሣታችን በፊት «ምንም ነገር ብታዩ ከመቀመጫችሁ አትነሡ፣ ጀልባውን እኔ አዞርላችኋለሁ» ቢል ማንም አይቀየምም። ወደ ጉማሬውም መጠጋት አይገባም፤ ፎቶግራፍ ፈልጎ ነጂውን የሚገፋፋ ጎብኚ የሌላውን ሰው ሕይወት ያስይዛል።

ስለ ሕይወት አድን ጃኬት ደግሞ ብዙ መናገር እፈልጋለሁ። አብዛኛዎቹ ጀልባዎች ጃኬት አላቸው። ያለው ግን መቀመጫ ሥር ተጠቅጥቆ ነው፣ አለዚያም እንጨቱ እንዳይቆረቁር ተነጥፎበታል። ለዓመታት የተቀመጡበት ጃኬት ስፖንጁ ይሟሽሻል፣ ማንሳፈፉም ይቀንሳል። ማሰሪያው የተሰበረ ከሆነ ደግሞ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ወደ ላይ ይሾልካል። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ በየዓመቱ በሚያወጣው የመዝናኛ ጀልባ አደጋ ሪፖርት፣ ሰጥመው ከሞቱት አብዛኞቹ ጃኬት ያልለበሱ ናቸው። ጀልባ ከተገለበጠ በኋላ ጃኬት ፈልጎ መልበስ፣ ዋና ለማይችለው ለአብዛኛው ደገኛ፣ የማይሆን ነገር ነው።

የእኛ አለባበስ የራሱ ጣጣ አለው። ጋቢ ውኃ ሲጠጣ ከባድ ይሆናል፤ እጅና እግርም ይተበትባል። ብዙ ሰው ብርዱን ፈርቶ ጃኬቱን ከለበሰ በኋላ ጋቢውን ከላይ ጥብቅ አድርጎ ይከናነባል። ይህ መቅረት አለበት። ጋቢው ጉልበት ላይ ይደረብ፤ ብርዱ ካስቸገረም በቀላሉ እንዲወልቅ ሳይታሰር ትከሻ ላይ ጣል ይደረግ።

ሕፃናትን ሳይ ይበልጥ እጨነቃለሁ። የአዋቂ ጃኬት ያጠለቀች አንዲት ትንሽ ልጅ አይቼ ነበር። እናቷ በትከሻው በኩል ይዛ ወደ ላይ ሳብ ብታደርገው አገጯን አልፎ እስከ ጆሮዋ ወጣ። እንዲህ ያለ ጃኬት ውኃ ውስጥ ልጅቱን ትቷት ይወጣል። የልጅ ጃኬት የሌለው ጀልባ ልጅ ባይጭን ይሻላል።

ሌላው ጉዳይ ሰዓት ነው። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፣ ጀልባን ያንገላታል። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ወይም ወደ ናርጋ ሥላሴ መሄድ ብቻውን ሰዓታት ይፈጃል፤ አርፍዶ የተነሣ ሰው ሲመለስ ነፋሱ መሐል ሐይቅ ላይ ያገኘዋል። ነጂው «ዛሬ አይሆንም» ካለ መጨቃጨቅ ነውር ነው።

በሞተር ጀልባ የሚሄዱትን ደግሞ ስለ ታንኳ ቀዛፊዎች አደራ እላለሁ። የደንገል ታንኳ ከውኃው እምብዛም ከፍ አይልም። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ሰው አጠገቡ ሞተር ጀልባ ሲያልፍ የሚፈጠረው ማዕበል ጭነቱን ሊያረጥብበት፣ ሊገለብጠውም ይችላል። ፍጥነትን በጥቂቱ መቀነስ አይበቃም፤ ብዙ ጀልባ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሄድ ነው ትልቁን ማዕበል የሚያስነሣው። ቀድሞ በደንብ ማቀዝቀዝ፣ ራቅ ብሎ ማለፍ፣ ከዚያ ፍጥነት መጨመር ያስፈልጋል። እኒህ ሰዎች ከሞተሩ በፊት በሐይቁ ላይ የነበሩ ናቸው፣ ክብር ይገባቸዋል።

የጀልባ ባለቤቶች ችግር ይገባኛል። በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ጎብኚ ቀንሷል፣ ነዳጅም ተወዷል፤ በዓል ሲመጣ የጎደለውን ለማካካስ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሸክሙ በነጂው ትከሻ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ጀልባዎችን የሚመዘግበው አካል ከጀልባ ማኅበራቱ ጋር ሆኖ እያንዳንዱ ጀልባ የሚጭነውን የሰው ብዛት ጎኑ ላይ በትልቁ በቀለም ያስጽፍ። ቁጥሩ ከተጻፈ ነጂው ከተሳፋሪው ጋር መከራከር አይኖርበትም፣ ጣቱን ቀስሮ ያሳያል። በንግሥ ቀን ደግሞ የሚቆጥርና ጃኬት መታሰሩን የሚያይ አንድ ሰው ወደቡ ላይ ይቁም፤ እሱ ሳይፈቅድ ገመድ አይፈታ። ይህን ለመጪው የካቲት 16 ማድረስ ይቻላል።