46 ኪሎ የንግድ ትስስር

ደሴ ዓለም አቀፍ ሆናለች። ያልሰማ ካለ ይስማ። ሰሞኑን ፒያሳ ካፌ ደጃፍ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወይ ከዱባይ መመለሱ ነው፣ ወይ የቻይናዋን ከተማ የጓንዡን ቪዛ እየጠበቀ ነው፣ ወይ ደግሞ ቀጣዩ ቡድን ውስጥ ስሙ መግባት አለመግባቱን በስልክ እያጣራ ነው። ለምን ትሄዳላችሁ ብትሏቸው መልሱ አንድ ነው። «የንግድ ትስስር ልንፈጥር።» እኔም ዛሬ የምጽፈው ላመሰግናቸው ነው። ለእኛ ብለው ስንቱን እንደሚችሉ ማን ያወራላቸዋል? ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣ ተደግፎ ፎቶ መነሳት ቀላል መሰላችሁ? የአውሮፕላን ክንፍ በመስኮት አነጣጥሮ ማንሳትስ? ያውም ከሥሩ «አልሐምዱሊላህ፣ ለሥራ ጉዳይ» ብሎ ጽፎ።

ምስጋናዬን ከቢዝነስ ካርዱ ልጀምር። ቲኬቱ ሳይቆረጥ ካርዱ ይታተማል። ወርቃማ ጠርዝ አለው። መርከብ አለበት፣ አውሮፕላን አለበት፣ የዓለም ካርታ አለበት። ባቡር ለመሳል ቦታ አልተረፈም፤ ባቡሩን ግን ሐዲዱ ተነጥፎም ስንጠብቀው ስለኖርን አንቀየምም። ከስሙ ሥር «ዋና ሥራ አስኪያጅ» ይላል። ድርጅቱ ውስጥ ከሱ ሌላ ሠራተኛ ስለሌለ ዋና መሆኑን የሚከራከረው የለም። ቀጥሎ «ጠቅላላ አስመጪና ላኪ» ይላል። ምን ያስመጣል? ጠቅላላ። ምን ይልካል? እሱንም ጠቅላላ። ከታች ኢሜይል አለ። የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ግን ከፍቶ የሰጠው የእህቱ ልጅ ጋ ነው፣ ልጁ ደግሞ ሪያድ ከገባ ቆይቷል። ስለዚህ ከቻይናም ከዱባይም የሚላከው መልዕክት ሁሉ እዚያው ሰላም ብሎ ተኝቷል።

ቻይና ውስጥ ካርድ በሁለት እጅ ነው የሚሰጠው፣ በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት። ይህን አይተው መጥተው በየስብሰባው «ትልቅ ልምድ ቀስመናል» ሲሉ አንጀቴን በሉት። ወሎ ውስጥ እኮ ልጅ ከትልቅ ሰው በአንድ እጁ ሲቀበል እናቱ በዓይኗ ነው የምትገርፈው። እናት በነፃ ያስተማረችውን በዶላር ሄዶ መከለስ ግን ክብሩ ለብቻ ነው።

እንግዲህ ጓንዡ ደርሰናል። እዚያ የሚካሄደው የካንቶን የንግድ ትርኢት እንደ ፈረንጆቹ ከ1957 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው፤ በዓመት ሁለቴ፣ በሚያዝያና በጥቅምት ይካሄዳል። ደግሞ በሦስት ዙር የተከፈለ ነው። ማሽን የሚፈልግ በመጀመሪያው ዙር ይሄዳል፣ የቤት ዕቃ የሚፈልግ በሁለተኛው፣ ጨርቃ ጨርቅና የልጆች ልብስ የሚፈልግ በሦስተኛው። የእኛ ሰው በየትኛው ሄደ? ቲኬት በረከሰበት። የዳቦ መጋገሪያ ማሽን ሊያይ ከሸዋበር የተነሳ ወንድማችን በፒጃማና በአንሶላ መሀል ሲንከራተት ሰንብቶ መጣ። «ታዲያ ማሽኑስ?» ሲባል «ቴክኖሎጂያቸው በጣም ረቋል» አለ።

ከሁሉም በላይ ሐውልት የሚገባው ግን ማሾ ሊሸጥ የሄደው ነው። ማሾ የዋዛ እህል አይደለም። ቃሉ ወረዳ ላይ ገበሬው ይዘራዋል፣ ኮምቦልቻ ነጋዴው ይሰበስበዋል፣ እስያ ውስጥ ደግሞ የሚበላው ሕዝብ ለቁጥር ያስቸግራል። ይሄ ሰው ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ናሙና አዘጋጀ። እናቱና አክስቶቹ ሰፌድ ይዘው አንድ ቅዳሜ ሙሉ ለቀሙለት፤ የተሰነጠቀውን አወጡ፣ የገረጣውን አወጡ፣ ጠጠሩንማ አንድ ሳያስቀሩ አወጡ። አረንጓዴው ጨሌ ነው የሚመስለው። (የመጋዘኑን ማሾ ያየ ሰው ይህን ናሙና ሲያይ ዘመዳሞች መሆናቸውን ይጠራጠራል፤ ገዢ ደግሞ ናሙና አይቶ ያዘዘው ኮንቴይነር ሲከፈት ሌላ ነገር ካየ ሁለተኛ ስልክ አያነሳም። ለነገሩ እዚያ ደረጃ አልደረስንምና አብሽሩ።)

ችግሩ ምን መሰላችሁ። የካንቶን ትርኢት በዋናነት ቻይናዎች ለዓለም የሚሸጡበት ገበያ ነው። ቻይና ልግዛ ብላ የምትጠራው ትርኢት ሻንጋይ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ በየዓመቱ በእኛ ጥቅምት ማለቂያ ላይ ይከፈታል። የእኛ ሰው ግን ሻጭ ከሚሰበሰብበት ገብቶ ሳህን ለምትሸጥ ልጅ ማሾ ዘረገፈላት። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄኔ ነው።

ልጅቷ ግን ደግ ናት። እህል የሚያስመጣ ዘመድ ነበራትና ደውላ አገናኘቻቸው፣ ራሷ ቁጭ ብላ አስተረጎመች። ሰውዬው አራት ነገር ጠየቀ። በወር ስንት ቶን ታቀርባለህ? እርጥበቱ ስንት በመቶ ነው? ባዕድ ነገርስ ስንት በመቶ አለበት? ዋጋው ኤፍኦቢ ጂቡቲ ነው ወይስ ሲአይኤፍ? (ጂቡቲ መርከብ ላይ ጭነህ ነው የምታስረክበኝ ወይስ የመርከቡንም የኢንሹራንሱንም ችለህ እኔ ወደብ ታደርስልኛለህ ማለቱ ነው።) የኛ ጀግና አንድም ሳይደናገጥ መለሰ።

«ብዙ አለ።»

«ኧረ ደረቅ ነው።»

«እናቴ ናት የለቀመችው።»

«እንደሚመቻችሁ።»

ከዚያ ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ላይ ልጅቷ ፈገግ ብላለች፣ እሱ አውራ ጣቱን ቀስሯል፣ ማሾው መሀል ላይ ነው። ፌስቡክ ላይ «ከቻይና ባለሀብቶች ጋር ፍሬያማ ውይይት» ተብሎ ወጣ። 800 ሰው ማሻአላህ አለ።

ሌላም ነገር ነግራው ነበር ልጅቷ። ቻይና ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ አንስታለች፣ ምርቱ የኢትዮጵያ መሆኑን የሚያሳይ ሰርተፍኬትና የዕፅዋት ጤና ወረቀት ካቀረብክ ዋጋህ ይወዳደራል አለችው። እሱም «በጣም ጥሩ ዜና ነው» ብሎ ሌላ ፎቶ ጠየቃት።

የተረፈው ናሙና የት ገባ ብላችሁ እንዳትጨነቁ። እዚያው አንድ ሐበሻ ቤት ወጥ ተሠርቶ ተበላ። ጥሩ ማሾ ነው፤ ቶሎ ይበስላል።

መልሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሻንጣ ሁለት ይፈቀዳል፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ሲሄድ አንዱ ባዶ ነበር፤ ይሄ አርቆ አሳቢነት ነው። ሲመለስ ግን ትስስሩ ሞልቶ 46 ኪሎ ደፍኗል፤ ጁስ መፍጫ፣ መጋረጃ፣ ሽቶ፣ የልጆች ጫማ፣ ለአማቹ ጃኬት፣ ለአለቃ ፓወር ባንክ። ካርዶቹም አሉ፤ በላስቲክ ታስረው ጫማ ውስጥ ገብተዋል፣ ቦታ እንዳይፈጁ ተብሎ። ኮምቦልቻ ኤርፖርት ዘመድ አበባ ይዞ ጠበቀ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሀረጎን ዳገት ሲወጡ መኪና ውስጥ ማብራሪያ ተሰጠ። «ሰዎቹ ሥራ ይወዳሉ። ከተማቸው ደግሞ ንጽሕናው! ወረቀት መሬት ላይ አታይም» አለና የጨረሰውን የውሃ ፕላስቲክ በመስኮት ወደ ገደሉ ወረወረው።

የመንግሥት ቡድን ሲሆን ምስጋናው ይበዛል። ኃላፊው ይሄዳል፣ ምክትሉ ይሄዳል፣ ፕሮቶኮሉ ይሄዳል፣ ካሜራ የሚይዘው ይሄዳል። ገበያውን የሚያውቀው ባለሙያ ይቀራል፤ ሪፖርቱን ማን ይጽፋል ታዲያ? ውሎ አበል በዶላር ይታሰባል፣ ሁለት ትንንሽ ባንዲራ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፣ የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል። ሰነዱ ተመልሶ መሳቢያ ይገባና ከቀደሙት ሰነዶች ጋር ይግባባል።

አሁን አንድ ነገር ልበል፣ እንዳትቀየሙኝ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። የውጭ ባለሀብቶች ማሽናቸውን ጭነው፣ ውቅያኖስ አቋርጠው፣ ከደሴ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ላይ መጥተው ተቀመጡልን። ልብስ የሚሰፉት ሰዎች አብዛኛውን ግብዓት፣ ክርም በሉት ቁልፍም በሉት፣ ከውጭ ነበር የሚያስመጡት። ከእኛ መሀል ግን በሩን አንኳኩቶ «ምን ላቅርብላችሁ?» ያለው ስንቱ ነው? ሀረጎን ለደንበኛ ፍለጋ ወርዶ የማያውቅ ሰው ጓንዡ ደረሰ። ምን ይደረግ፣ ኮምቦልቻ ወርደህ የተነሳኸውን ፎቶ ማን ላይክ ያደርግልሃል? ታክሲ ነው የሚወስድህ፣ ያውም ታሪፍ አስጨምሮ። በኋላ ጦርነቱ መጣ፣ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላይ ደግሞ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ገበያዋ ከሚያስገባው ከአጎዋ አስወጣችን፣ የአሜሪካን ገበያ አምኖ የመጣው ፋብሪካ ሁሉ ተጨነቀ። ያን ጊዜ እኛ ዱባይ ትስስር እየፈጠርን ስለነበር አልሰማንም።

ኋላ ቀርነትን ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ሰኞ ባቲ ይውረድ። አንድ የከብት ነጋዴ ሀጂ አሉ። ካርድ የላቸውም። ስልካቸው ቻርጅ ሳይደረግ ብዙ ቀን የሚቆየው ባለ ቁልፉ ነው። እሑድ ማታ ከአፋር በኩል ይደወልላቸዋል፤ ስንት ግመል እንደሚመጣ፣ ስንት ፍየል እንደሚመጣ ያውቃሉ፣ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ገበያው ላይ ናቸው። ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት ዋጋ አይደለም። «ያ ልጅህ እግሩ ዳነ?» ነው የሚሉት። ልጁ እግሩን የታመመው ባለፈው ዓመት ነው። ሐሙስ እከፍላለሁ ካሉ ሐሙስ ይከፍላሉ፤ ካልሞላላቸው ረቡዕ ማታ ደውለው ይናገራሉ። የሸጡት በሬ ቢያነክስ ይመልሱታል። አሳዛኝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን! አንድም የአውሮፕላን ፎቶ የላቸውም። አንድም ቦታ ላይ «ፍሬያማ ውይይት» አላደረጉም። ትስስር ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይሄው ልጆቻቸውን አስተምረው ድረዋል።

ወደ ማሾው ልመለስ፤ ልጅቷ እኮ አልተወችውም። እሱ በተመለሰ በሳምንቱ ቻይናዎቹ መልዕክት በሚላላኩበት በዊቻት ጻፈች። «ዋጋ?» አለች። ሠርግ ላይ ስለነበር አውራ ጣት ላከላት። በሌላው ሳምንት «ዘመዴ አንድ ኮንቴይነር ለሙከራ ይፈልጋል፣ የላቦራቶሪ ውጤት አለህ?» አለች። ጽጌረዳ ያለበት «መልካም ጁምዓ» ላከላት። ከዚያ «ሰላም ነህ?» አለች፤ ይቺን እንኳ መለሰ፣ «ሰላም፣ አንቺስ» አለ፤ ደግ ሰው ነው እኮ። ማይናማሮች ማሾ ንግድ ውስጥ የቆዩ ናቸው፣ ዋጋ ሲጠየቁም ዋጋ ነው የሚልኩት። ዘመድየው ከእነሱ ገዛ። የእኛ ሰውዬ ይህን ሲሰማ በጣም አዘነ። «ቻይና ታማኝነት የለውም» አለ። በነገራችን ላይ ፎቶው አሁንም የሱቁ ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሏል።

ባለፈው ታዲያ አንድ ሆቴል አዳራሽ ግምገማ ተጠራ። ባነር ነበር፣ ቆሎ ነበር፣ ውሃ ነበር። አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ «እስካሁን ከተፈጠረው ትስስር ስንት ኮንቴይነር ወጣ?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ሳል በሳል ሆነ። መድረክ ላይ ያሉት ሰው መነጽራቸውን ወልውለው «ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ነገሩን ከኮንቴይነር አንጻር ብቻ ባናየው» አሉ። ተጨበጨበ። ሻይ ተወጣ። ከሻይ መልስ አንድ ክፍተት ተለየ፤ ከጉዞ በኋላ ያለው ክትትል ላልቷል ተባለ። መፍትሔውም እዚያው ተገኘ፤ ክትትል እንዴት እንደሚደረግ ልምድ ለመቅሰም አንድ ቡድን ኢስታንቡል ይሄዳል። ምዝገባው ተጀምሯል። ፓስፖርታችሁ ላይ ከስድስት ወር ያነሰ ጊዜ የቀራችሁ ካላችሁ ከአሁኑ አሳድሱ፣ ኋላ ወረፋው አይቻልም።