ይድረስ ድንበር ላይ ለሚለዋወጡት ለክቡር የባቡር ሲግናል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ባለፈው እሑድ ጀርመን ድንበር ላይ፣ አኸን ከተማ አጠገብ ከተለያየን ወዲህ፣ ከናፍቆትዎ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ተለያየን ስል ወደው አልለቀቁኝም። 117 ደቂቃ አቅፈው ይዘውኛል።

ምናልባት አላስታወሱኝ ይሆናል። ነጠላ ለብሼ መስኮት ዳር የተቀመጥኩት ሰውዬ ነኝ። ኪሴ ውስጥ ማተብ፣ ጭኔ ላይ የሕፃን ነጭ ልብስ ይዣለሁ። ኮሎኝ የክርስትና አባት ልሆን ነበር የምሄደው። ወንድ ልጅ ነው፤ 40 ቀኑ። የ40 ቀን ክርስትና ለነገ አይባልም። እርስዎ ግን ለነገ ማለት ሥራዎ ስለሆነ ይህ ላይገባዎ ይችላል።

ከብራስልስ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሳን። እስከ ኮሎኝ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ክርስትናው 3 ሰዓት ነው። እንዲያውም ቀድሜ ደርሼ ቄሱን እጅ እነሳለሁ ብዬ ነበር።

ድንበሩን እንዳለፍን ባቡሩ ቀስ አለ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ መብራት ሲጠፋ አልደነግጥም። "መጣ!" ብሎ የሚጮህ ሕፃን ብቻ ነው የጠበቅኩት። መጣም። ደግሞ ጠፋ። ከዚያ በድምፅ ማጉያው በፈረንሳይኛ፣ በደች፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ይቅርታ ተጠየቅን። የባቡሩ ኮምፒውተር ከቤልጂየም ሲግናል ወደ ጀርመን ሲግናል መለወጥ አቅቶታል። ስለዚህ አጥፍተው ሊያበሩት ነው። ስንት ሚሊዮን ዩሮ የሚያወጣ ባቡር፣ እናቴ ቤት እንዳለው ዲኮደር!

ስልኬ ጮኸ። የሕፃኑ እናት ናት።

"የት ደረስክ?"

"አኸን አጠገብ። ባቡሩ ሲግናል አልገባው ብሎ ቆሟል።"

"ምን? ቆይ፣ አባን ላቅርብልህ።"

"ልጄ፣" አሉ አባ፣ "ጀርመን ገብታችኋል አይደል?"

"ገብተናል አባ።"

"ሀዲዱስ አለ?"

"አለ አባ።"

"ታዲያ ምን ቀረ?"

ምን ልበላቸው? እስቲ እርስዎ ይመልሱላቸው።

ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሦስት ጊዜ በራ። በስተመጨረሻ እየተንፏቀቀ አኸን ጣቢያ አደረሰንና "ሁላችሁም ውረዱ" ተባልን። ፕላትፎርሙ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2024 መስከረም ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ቁጥጥር መልሳለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ነጠላዬ ጠራቸው መሰለኝ ወደ እኔ መጡ። ፓስፖርት አሳየሁ። የት ነው የምትሄደው? ክርስትና። ይህ ምንድን ነው? ማተብ። አንደኛው ክሩን በጣቱ አንጠልጥሎ አየው። እኔ እንኳ ወረቀቴ ሙሉ ነው፤ ከቀበሌ መታወቂያ ጀምሮ ያልቆምኩበት ሰልፍ፣ ያልሞላሁት ቅጽ የለም። መግቢያ ያጣው ባቡሩ ነው። የተጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ኮሎኝ ስደርስ ከረፋዱ 4 ሰዓት አልፏል። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እልልታ ሰማሁ። ማን የክርስትና አባት ሆነ መሰለዎ? ቪዲዮ ሊቀርጽ የመጣው ልጅ! ካሜራውን ለሚስቱ ሰጥቶ ሕፃኑን ተቀበለ። ክሩ ከአንዲት እናት ነጠላ ጥለት ተመዞ ነው የታሰረው። አሁን የማላውቀው ሰው ለጓደኞቼ አበ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ ቪዲዮው ላይ፣ መጨረሻ ላይ፣ እያለከለኩ በበሩ ስገባ እታያለሁ። ሚስቱ ጥሩ አድርጋ ቀርጻኛለች።

ቀጥሎ የምለውን ሁሉ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ አንብቤ ነው፤ ንዴት የማያስነብበው ነገር የለም። ለካ አብዛኛው የአውሮፓ አገር የራሱን ሲግናል ያበጀው በየራሱ ፋብሪካ፣ በየራሱ ዘመን ነው። ነጂው ቀይ ቢያልፍ ወይም ፍጥነት ቢያበዛ የሚያስጠነቅቅ ወይም ባቡሩን በራሱ የሚያቆም መሣሪያ በየአገሩ አለ። ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ከፓሪስ በብራስልስ አድርጎ ኮሎኝና አምስተርዳም ይደርስ የነበረው ታሊስ የሚባል ባቡር ሰባት ዓይነት የቁጥጥር መሣሪያ ተሸክሞ ነበር የሚሮጠው። ሰባት! እኔ ሦስት አገር ስኖር አንድ ቦርሳ ነው የያዝኩት። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ደግሞ ስሙ "አዞ" ነው። እውነቴን ነው። በሀዲዶቹ መሀል የሚጋደም፣ ከሎኮሞቲቩ ሥር የተንጠለጠለ ብሩሽ እየነካው የሚያልፍ ብረት ነው፤ ፈረንሳዮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው ያወጡት። እኔ አዞ የማውቀው አዋሽ ውስጥ ነው። እሱም ቢሆን መታወቂያ አይጠይቅም።

ኤሌክትሪኩን አላነሳም። ሆላንድ 1,500 ቮልት፣ ቤልጂየም 3,000፣ ጀርመን 15,000፤ ይሁን። ድሮ ወደ በርሊን ለቅሶ ስሄድ የሆላንድና የጀርመን ድንበር አጠገብ ባለችው ባድ ቤንትሃይም ላይ ሎኮሞቲቭ እስኪለውጡ የቆምኩትንም ረስቼዋለሁ። የፈረንሳይ ባቡር በግራ፣ የጀርመን በቀኝ መሄዱንም ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልተውም። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2001፣ ቤልጂየም ውስጥ፣ ፔክሮ። ከዋቭር የተነሳ ባዶ ባቡር ቀይ አልፎ በተሳሳተ ሀዲድ ገባ። የዋቭር ሲግናል ሠራተኛ ሉቨን ላለው ባልደረባው ስልክ ደወለ። ይህኛው ፈረንሳይኛ ተናገረ፣ ያኛው ደች። አልተግባቡም። በአንድ አገር፣ በአንድ መስመር ላይ። ስምንት ሰው ሞተ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2010፣ እዚያው ቤልጂየም ቡይዚንገን ላይ ደግሞ አንድ ባቡር ቀይ አለፈ፤ 19 ሰው ሞተ። ባቡሩን በራሱ የሚያቆም መሣሪያ በዓለም ላይ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። የቱን እንግዛ፣ ማን ይክፈል፣ መቼ ይገጠም እየተባለ ነው። አንተ እኮ ሰውን ከሞት ልትጠብቅ ነው የተሠራኸው! ስብሰባ ላይ ተቀምጠህ ቃለ ጉባኤ ልታስጽፍ አይደለም!

ይቅርታ ክቡር ሆይ። አንቱታው አምልጦኝ ነው።

መፍትሔ አለ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ኢቲሲኤስ የሚባል ለአውሮፓ ሁሉ የጋራ የሲግናል ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ እየመጣ ነው። ሀዲዱ መሀል የተቀመጠ ሳጥን ባቡሩ የት እንዳለ ይነግረዋል፣ የተፈቀደው ፍጥነት ነጂው ፊት ባለ ስክሪን ላይ ይወጣል። ሉክሰምበርግና ስዊዘርላንድ ጨርሰውታል፤ ትንሽ አገር መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል። ዋና ዋናዎቹ የአውሮፓ መስመሮች እስከ 2030 እንዲደርሱ ተወስኗል። ግን እሱም አንድ ቋንቋ ነው ተብሎ ዘዬ አወጣ። አንዱ መስመር አሮጌውን ስሪት፣ ሌላው አዲሱን ይናገራል። የድሮው ሶፍትዌር ያለው ባቡር በአዲሱ ሀዲድ ላይ ደንቆሮ ነው። ጎጃሜና ወሎዬ እንኳ "እንዴት አደርክ" ተባብለው ያልፋሉ።

አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ከጅቡቲ እስከ ለገሃር የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፣ ሀዲዱም አንድ ሜትር። ባቡሩ ያረጀ ነበር፣ ይዘገያል፣ ይገለበጣልም። ግን ድንበሩ ደወሌ ሲደርስ ቋንቋ ጠፍቶበት አያውቅም። አዲሱም በቻይና ደረጃ ተሠርቶ በሁለቱም አገር 1,435 ሚሊሜትር ነው። ያንን የሚያቆመው ግመል ነው። ግመል ቢያንስ ትነሳለች።

አሁን ወደ ቅጹ። አውሮፓ ውስጥ ባቡር 60 ደቂቃ ከዘገየ የትኬቱ 25 በመቶ ይመለሳል፣ 120 ደቂቃ ከሞላ 50 በመቶ። የእኔ 117 ነው። ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢጨምሩልኝ ምን ነበረበት? ለዚያ ሁሉ ሰዓት ያልሰሰቱ ሰው! ትኬቱን የሸጠልኝ አንዱ ነው፣ ባቡሩ የሌላው፣ ሀዲዱ የሦስተኛው። ሻጩ ወደ ባቡሩ ባለቤት ላከኝ፣ የባቡሩ ባለቤት ወደ ሻጩ መለሰኝ። ቅጹ ላይ "የመዘግየቱ ምክንያት" የሚል ዝርዝር አለ። የአየር ሁኔታ፣ የሠራተኛ እጥረት፣ የቴክኒክ ብልሽት። "አንድ ባቡር ሰባት ቋንቋ" የሚል የለም። "ሌላ" የሚለውን ነካሁ። "ያብራሩ" አለኝ። 200 ፊደል ሰጠኝ።

አበ ልጅነት ስንት በመቶ እንደሚመለስ የሚጠየቅበት ሣጥንም የለውም። "ማስረጃ ያያይዙ" የሚል ግን አለው። ማተቡ አሁንም ኮት ኪሴ ውስጥ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ፎቶ አነሳሁትና አያያዝኩት።

ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት ስለበለጠ አልቀበልም አለኝ።

አክባሪዎ፣
ያልተሳካላቸው አበ ልጅ፣
ብራስልስ