«ትንሽ ቀለም አነሰን»

ቤቴን ከማስቀባበት ከድንበር ማዶ ሰሞኑን የደረሰኝ ፎቶግራፍ የአንድ ግድግዳ ጥግ ያሳያል። ግድግዳው ነጭ ነው፣ ኮርኒሱም ነጭ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ «ጋሼ፣ ትንሽ ቀለም አነሰን» የሚል አጭር መልእክት ሰፍሯል። ጥጉ የሳሎኑ ይሁን የመኝታ ቤቱ፣ የተቀባ ይሁን ገና የሚቀባ፣ ይባስ ብሎም የእኔ ቤት ይሁን የሌላ ሰው፣ ከምስሉ ተነሥቶ ማወቅ አይቻልም። ራሱ እዚህ፣ ቤቱ እዚያ ሆኖ ቀለም ያስቀባ ሰው ሁሉ ይህን ጥግ ሳያውቀው አይቀርም፤ አንዳንዴማ ለሁላችንም የሚላከው ያው አንድ ጥግ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

የሚያናድደኝ ማነሱ አይደለም፤ ቀለም ሊያንስ ይችላል። የሚያናድደኝ «ምን ያህል አነሰ?» ተብሎ ሲጠየቅ ቁጥር የሚባል ነገር ከማንም አፍ አለመውጣቱ ነው። አንድ ሊትር የውኃ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ በአንድ እጅ (አንድ ጊዜ ሲቀባ ማለት ነው) ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ይህ ምሥጢር አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 5፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል የግድግዳው ስፋት 54 ካሬ ነው፤ በርና መስኮት ሲቀነስለት 48 ያህል ይቀራል፤ ሁለት እጅ ሲቀባ 96 ይሆናል፤ ስለዚህ ከ8 እስከ 10 ሊትር ይበቃዋል። ይህን ስሌት ሠርቼ፣ ለጥንቃቄም ትንሽ ጨምሬ ብልክ ያገኘሁት መልስ «ግድግዳው ይጠጣል፣ ጋሼ» የሚል ነበር። አልክድም፣ ግድግዳ ይጠጣል፤ አዲስ ልስን ወይም ዱቄት የሚያራግፍ አሮጌ ግድግዳ የመጀመሪያውን እጅ ምጥጥ አድርጎ ነው የሚወስደው። ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ፕራይመር የተፈለሰፈውም ይህንኑ ጥም ለመቁረጥ ነው፤ ፕራይመር የተገዛበት ደረሰኝም እጄ ላይ አለ። ታዲያ ግድግዳው ቀለሙን ከጠጣ ፕራይመሩን ማን ጠጣው?

በዚህ ላይ የጋሎን ጣጣ አለ። የአሜሪካው ጋሎን 3.785 ሊትር ነው፣ የእንግሊዙ 4.546 ሊትር ነው፤ ሁለቱም ግን በየሄዱበት ጋሎን ተብለው ነው የሚጠሩት። ከድንበሩ ወዲህ ያለው ሻጭ በአንደኛው ሲያስብ ከድንበሩ ወዲያ ያለው በሌላኛው ቢያስብ፣ በአሥር ጋሎን ላይ ከ7 ሊትር በላይ ልዩነት ይመጣል፤ ይኸውም አንድ አነስ ያለ መኝታ ክፍል የሚያለብስ ቀለም ማለት ነው። ይህን ለማስረዳት በስልክ የተናገርኩት ንግግር ረጅምና በበኩሌ ግሩም ነበር፤ ሲያበቃ ከወዲያኛው በኩል የመጣው ድምፅ «እሺ፣ ስንት ጋሎን ይላካል ታዲያ?» ሲል ጠየቀኝ።

አባቶች «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ ቤት ከሠራሁ ወዲህ ግን አንድ ጉድለት አግኝቼበታለሁ። ተረቱ ባለቤቱ ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ እንደሚያይ አድርጎ ያስባል፤ ለዚህም ነው አጥር ነቅናቂው አስቀድሞ መናቅ የሚያስፈልገው። ባለቤቱ ድንበር ተሻግሮ ከሄደ ግን የንቀት አስፈላጊነት ይቀራል፣ በአክብሮት መነቅነቅ ይቻላል። እኔ እስከ ዛሬ ከቀለም ቀቢ አንዲት ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም። «እርስዎ እንዳሉት አድርገናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚመጣው ሁልጊዜ እንዳልኩት ካልተደረገው ሥራ ቀድሞ ነው፤ «አያስቡ ጋሼ» የሚለው ደግሞ ማሰብ ከሚገባኝ ነገር በፊት ይመጣል። ቢንቁኝ ኖሮ ቢያንስ እቆጣ ነበር። እንዲህ በ«እርስዎ» እየተሞገሰ አጥሩ ሲነቀነቅበት ሰው ምን ይላል? «አመሰግናለሁ» ይላል፣ ከዚያም ገንዘብ ይልካል።

ስለ መላክ ካነሣሁ ዘንድ የአክስቴን ልጅ ማለፍ አይሆንልኝም። ድንበር ማዶ ቤት ያለው ሁሉ በቦታው ላይ አንድ ዓይን ይሾማል፤ የእኔ ዓይን እሱ ነው። «እኔ እያለሁልህ!» ብሎ ደረቱን የመታው እሱ ነው፣ የመጀመሪያውን ቀለም የገዛውም እሱ ነው፤ የልቤ ቁስልም ከዚያ ዘመን ይጀምራል። ቀለም በስም ከታዘዘ መከራ እንደሚያመጣ ስለማውቅ (በቀለም ማሳያ ካርዱ ላይ ነጭ ብቻውን የንጋት፣ የዕንቁ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የጥጥና የሌላም የሌላም እየተባለ ይባዛል) በቁጥር ነበር ያዘዝኩት። ራል የሚባለው የቀለም ቁጥር አሰጣጥ በጀርመን በ1927 በ40 ቀለማት የተጀመረው ሰዎች በቀለም ስም እንዳይጨቃጨቁ ነው፤ ራል 9001 ክሬም ነው፣ 9010 ጥርት ያለ ነጭ ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ኬላ ስላለፈ አይለወጥም። እኔ 9001 ብዬ ጻፍኩ። ግድግዳው ላይ የወጣው ግን የወባ በሽተኛ ዓይን የመሰለ ቢጫ ሆነ። የአክስቴ ልጅ ሲጠየቅ፣ የጻፍኩት አሐዝ የቤቱ ቁጥር መስሎት እንደነበር፣ ቀለሙን ግን ሻጩ «ከዚህ የሚበልጥ የለም» ብሎ እንደመረጠለት በሙሉ ልብ አስረዳ። ሰው ይሳሳታል፤ እሱን ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅር ያላልኩት ቀጥሎ ያደረገውን ነው፤ ቢጫውን ግድግዳ በማለዳ ብርሃን ፎቶግራፍ አንሥቶ «ይኸው፣ ነጭ ነው!» ብሎ ላከልኝ። የስልክ ካሜራ የብርሃኑን ቀለም ራሱ እየገመተ ስለሚያስተካክል አንዱን ግድግዳ በጧት ነጭ፣ ከሰዓት በኋላ ክሬም፣ ማታ በአምፑል ብርቱካናማ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ክርክራችን ገና አልተቋጨም። ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ «ያን ቤት ያስቀባሁት እኔ ነኝ» ሲል እሰማዋለሁ፤ በዚህስ አልዋሸም።

«ለምን ራስህ ገዝተህ ይዘህ አትሄድም?» የሚሉኝ ብልሆች አሉ። ተቀጣጣይ ማቅጠኛ ያለው ቀለም በዓለም አቀፉ የአደገኛ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ዩኤን 1263 የሚል ቁጥር አለው፤ ምድቡም 3 ነው፣ ማለትም ተቀጣጣይ ፈሳሽ፤ መንገደኛ በሻንጣው ይዞት አውሮፕላን ላይ መውጣት አይፈቀድለትም። የውኃ ቀለም እንደዚያ አይደለም፤ ይህን ግን ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ተሰልፎ ለፈታሹ ላስረዳ ብል እኔ እዚያው እቀራለሁ። በመኪና ሲኬድ ደግሞ የጉምሩክ ሰው «ለሽያጭ ነው ወይስ ለራስዎ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለራሴ ነው ስል ቆርቆሮዎቹን ይቆጥርና እኔን ከእግር እስከ ራስ ይመለከተኛል፤ ያን ሁሉ ቀለም የሚቀባ ሰውነት ያለኝ መሆን አለመሆኔን የሚመዝን ነው የሚመስለው።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያብቃ፤ የምር የሚያስቆጣኝን ልናገር። በቀለም ውስጥ የሚጨመር እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ሕፃናትን የሚጎዳ መርዝ መሆኑ ዛሬ ገና የታወቀ ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የእርሳስ ነጭ ቀለምን በቤት ውስጥ ቅብ ላይ የሚከለክል ስምምነት ያወጣው በ1921 ነው፤ አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚውል የእርሳስ ቀለምን ያገደችው በ1978 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም አገሮች እንዲያወጡት የሚመክረው የእርሳስ መጠን ጣሪያ ደግሞ በአንድ ሚሊዮን ክፍል 90 ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ሕጉን እስከ ዛሬ ያላወጡ አገሮች ግን ጥቂት አይደሉም፤ ስለዚህ ከድንበሩ በአንዱ ወገን መደርደሪያ ላይ ሊወጣ የማይችል ቀለም በሌላው ወገን የደስተኛ ቤተሰብ ሥዕል ተለጥፎበት ይሸጣል። ችግሩ የሚብሰው በበርና በመስኮት ብረት ላይ በሚቀባው የዘይት ቀለም፣ በተለይም ቢጫና ቀይ በሆነው ላይ ነው። ስለ እርሳሱ በስልክ ሻጩን ጠየቅሁት። «የእኛ ቀለም ሙሉ ነው፣ የሌለበት ነገር የለም» ብሎ አረጋጋኝ።

ከዚያም አሮጌውን የመስኮት ቀለም ለማንሣት ሠራተኞቹ የብርጭቆ ወረቀት ይዘው በደረቁ ይፍቁት ጀመር። አፋቸው ላይ መሸፈኛ የለም፣ መስኮቱ ሥር የጎረቤት ልጅ ይጫወታል፣ አቧራው ደግሞ እላዩ ላይ ይዘንባል። ይህኛውን ፎቶግራፍ ማንም ያነሣው ለማስረጃ አልነበረም፤ «ሥራው ተጧጡፏል» የሚል የደስታ መልእክት ነበር የተጻፈበት። እኔ ደውዬ ስጮኽ፣ ውኃ አርከፍክፋችሁ ፍቁ፣ ልጁን ከዚያ አንሡ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ ስል፣ ከስልኩ ወዲያ የነበረው ሰው ተገርሞ «ጋሼ፣ ለአቧራ ነው እንዴ እንዲህ የሚቆጡት?» አለኝ። አዎን፣ ለአቧራ ነው።

የክፍያው ነገርማ አይነሣ። በቀን የሚከፈለው ቀቢ ግድግዳውን ሲያሰላስል ይውላል፤ በካሬ የሚከፈለው ትናንት ጀምሮ ዛሬ ይጨርሳል፤ በጥቅል የተስማማው ቀብዱን ከተቀበለ በኋላ ዘመድ ይሞትበታል። ከሁሉም ጋር የተዋዋልኩት ሁለት እጅ ተብሎ ነው። የመጀመሪያው እጅ በውኃ ትንሽ ቢቀጥን ነውር የለውም፣ አምራቾችም ይፈቅዱታል፤ እዚህ ግን ቀጥኖ ቀጥኖ ከቀለሙ ይልቅ ውኃው የሚበዛበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው እጅ ደግሞ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ያርፋል። ሄጄ ባየሁበት ጊዜ የመኝታ ቤቱን በር ዘግቼ ከበስተጀርባው ያለውን ግድግዳ በጣቴ ብነካው ዱቄቱ ተከትሎኝ መጣ። የመብራት ማብሪያው ግን በሚገባ ተቀብቷል፣ ሁለት እጅ፤ ለመጫን ጥፍር ያስፈልጋል። የመስኮቱ ጠርዝ ላይ መከለያ ይሆን ዘንድ የተለጠፈው ፕላስተር ሳይነሣ አብሮ ተቀብቶ የቤቱ አካል ሆኗል፤ ላነሣው ስሞክር ቀለሙ እየተቀረፈ አብሮት ስለሚመጣ ተውኩት።

ቀለም ማስቀባትህ ሲሰማ ደግሞ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «ስንት ፈጀብህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የፈጀውን ስትነግረው ከንፈሩን ይመጥና በግማሽ ዋጋ ድንቅ አድርጎ የሚሠራ አንድ ልጅ እንደሚያውቅ ይነግርሃል። ይህ ልጅ ሥራው ከማለቁ በፊት ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም፤ ስልክ ቁጥሩም ሲጠየቅ የጠፋ ነው።

ወደ ጥጉ ልመለስ፤ መቼም ከጀመርኩበት ብዙ ርቄያለሁ። ሰፋ አድርጋችሁ አንሡና ክፍሉ ይታየኝ ብዬ ጻፍኩላቸው። የመጣው ሰፊ ፎቶግራፍ ቀቢዎቹ ሩሏቸውን እንደ ጦር ይዘው ተደርድረው ሲስቁ የሚያሳይ ነው፤ ግድግዳው ከኋላቸው ነው፣ ሙሉ በሙሉም ተከልሏል። ቀለሙን ግን ላክሁ፤ ምን ላድርግ፣ ግማሹ የተቀባ ግድግዳ ካልተቀባው የባሰ ነው። በዚያ ፈንታ አንድ ትእዛዝ ሰጠሁ። ከእንግዲህ አንድም ባዶ ቆርቆሮ እንዳይጣል፣ ሁሉም የባች ቁጥሩ፣ ማለትም የተመረተበት ዙር ቁጥር፣ በሚታይበት አኳኋን በረንዳው ላይ ተደርድሮ እንዲቆይ፣ አዲስ የሚመጣውም ግድግዳው ላይ ልዩነት እንዳይፈጥር ከመቀባቱ በፊት በአንድ ትልቅ ዕቃ እንዲቀላቀል አዘዝኩ። ቢያንስ ስንት እንደተከፈተ እቆጥራለሁ ብዬ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሳይዘገይ መለሰልኝ። ትእዛዙ በጣም ጥሩ ሐሳብ መሆኑን፣ እሱም ራሱ ሊለው አስቦ እንደነበረ ገለጸ፤ የእስከ ዛሬዎቹ ቆርቆሮዎች ግን ውኃ ለመያዝ ስለሚመቹ ከሠፈሩ ሰው ማን ማን እንደወሰዳቸው አሁን መለየት አይቻልም። የሚቀጥለው ቀለም ግን ቢቻል በፕላስቲክ ባልዲ የሚመጣው ዓይነት እንዲሆን አደራ ብሎኛል፤ እሱ እጀታም ክዳንም ስላለው ብዙ ሰው ጠይቆታል።