ግንባር የሌለው አዝማሪ

አጎቴ ለሙዚቃ ገንዘብ የማይሰስቱ ሰው ለመሆናቸው ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይመሰክራል። ባለፈው ጥር በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ባለመሰንቆው አዝማሪ ስማቸውን ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀግንነት ጋር እያስተሳሰረ ሲያወድሳቸው፣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የሁለት መቶ ብር ኖት አውጥተው፣ በምራቃቸው አርሰው ግንባሩ ላይ ለጠፉለት፤ የቪዲዮ አንሺው መብራት ወደ እሳቸው መዞሩን ሲያዩ ደግሞ ሌላ ደገሙለት።

በሳምንቱ ስልካቸውን ዘረጉልኝና «እስቲ ይህን አዲስ አልበም በነፃ ጫንልኝ፤ ማስታወቂያውንም አጥፋልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዘፋኙስ ምን ይብላ?»

«ሚሊዮን ሰው እየሰማው ምን ሊጎድልበት!»

የሚሊዮን ሰው ጆሮ ግን የአንድ እድምተኛን እጅ አይተካም። እንደ ስፖቲፋይ ባሉት የሙዚቃ ማድመጫ መተግበሪያዎች ዘንድ ከማስታወቂያና ከደንበኞች ወርሃዊ ክፍያ የሚሰበሰበው ገንዘብ ቋት ውስጥ ይገባና ከጠቅላላው አደማመጥ በተገኘ ድርሻ ልክ ይከፋፈላል፤ ይኸውም ካዛንቺስ ሳይፈርስ በአንዱ አዝማሪ ቤት የለጠፍኩት ብር ከግንባሩ ተንሸራትቶ፣ በዚያች ሌሊት ብዙ እድምተኛ ወደነበረው አዳራሽ እንደሚሄድ ያህል ነው። የደረሰውንም ቢሆን በመጀመሪያ አሳታሚው ይቆነጥርለታል። አንድ ዘፈን ተደመጠ የሚባለው 30 ሰከንድ ሲሞላው ስለሆነ፣ ትዝታ የሚጫወት ሰው መግቢያውን ሳይጨርስ፣ አፉንም ሳይከፍት ሒሳቡ ይያዝለታል፤ በሥርዓቱ ውስጥ ለእኛ ሙዚቃ ያደላ ሆኖ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ በስፖቲፋይ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ሰባራ ሳንቲም አይታሰብለትም። በዩቲዩብም የማስታወቂያው ዋጋ እንደ ተመልካቹ አገር ስለሚለያይ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው አክስቴ ወጥ እያማሰለች የከፈተችው ክሊፕ፣ እኛ ሰፈር ዓይን ሳይነቀል ከሚታየው የበለጠ ያስገኛል።

አገር ውስጥ መፍትሔ አልተሞከረም ማለት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ ዘፈን የሚሸጥበትን፣ አውታር የተባለውን መተግበሪያ ሲጀምሩ፣ የአንድ ዘፈን ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ነበር። አጎቴ ይህን ስነግራቸው «ለማይጨበጥ ነገር?» ብለው ማኪያቷቸውን ፉት አሉ፤ የሁለታችንንም ሒሳብ የከፈሉት እሳቸው መሆናቸውን መደበቅ አይገባኝም።

አልበሙን ከፈትኩላቸው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስለ እናት የሚል ስንኝ ሲመጣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እጃቸው በልማድ ወደ ውስጥ ኪስ ገባ፤ ሁለት መቶ ብሩም ወጣ። ስልኩን አዩት፤ ቀጥሎ ክፍሉን ቃኙ፤ ቪዲዮ የሚያነሣም አልነበረም። በዚህ መካከል ዘፈኑ ተቋረጠና አንድ ባንክ ስለ ቁጠባ ጥቅም ማስታወቂያውን ጀመረ።

«እውነቱን ነው» አሉና ብሩን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት።